የሊዮል እናት ማውስ ስትለማመድ

ለመሆኑ እናንተ አንባቢዎች፣ የምትወዱት ሰው በእናቱ ፊት እጁን ዘርግቶ፣ ከዚያ በፊት አይቷችሁ እንደማያውቅ ሁሉ ስሙን ቢነግራችሁ እጁን ትጨብጡታላችሁ ወይስ በጥፊ ትሉታላችሁ? ቸኩላችሁ አትመልሱ። ከሩቅ ሲጠየቅ ሁሉም ጀግና ነው። እታገኝ ዋቅጋሪም ብትጠየቅ ኖሮ አንገቷን ቀና አድርጋ «በጥፊ!» ትል ነበር። ቀኑ ሲደርስ ግን ጨበጠችው። እንዴት እዚያ እንደ ደረሰች ለማወቅ የአንዲት ሀብታም ሴት እጅ ከአንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ጋር ያደረገውን ጦርነት ማወቅ ያስፈልጋል።

በጅማ ቡና የሚነግዱ ሰዎች ማኅበር አላቸው። ማኅበሩ በዚያ ዓመት ጭነት የሚመዘገበው በኮምፒውተር ነው፤ የሚመዘግበውም ባለ ንብረቱ ራሱ እንጂ ጸሐፊው፣ የእህቱ ልጅ ወይም ሾፌሩ አይደለም ብሎ ቆረጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ጭነት በጎደለ ቁጥር ጥፋቱ ሁልጊዜ የጸሐፊው ይሆን ነበር። ስለዚህ ሂርማታ ሰፈር አንድ አዳራሽ ተከራዩ፣ ኮምፒውተር ደረደሩ፣ አስተማሪ ቀጠሩ። አስተማሪዋ እታገኝ ነበረች።

እታገኝ የጅማ ጎረቤት የሆነችው የሰቃ ልጅ ናት። አባቷ ዋቅጋሪ ጅማ ባለ አንድ ትልቅ መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ነበር። እናቷ እዚያው መጋዘን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ከቡናው ውስጥ ብላሹን ፍሬ ስትለቅም ኖራለች። ልጅቱ ኮምፒውተር ተምራ የተመረቀችው በእናቷ ወገብና በአባቷ ጀርባ ነው። የመጋዘኑ ባለቤት ደግሞ ወይዘሮ ውብነሽ ናቸው። የወይዘሮ ውብነሽ አንድ ልጅ ሊዮል ነው። ሊዮል እታገኝን ይወዳል።

ይወዳል ስል ቃሉን ከእሱ ተውሼ ነው። መልከ መልካም፣ ለስላሳ፣ ንግግሩ ማር የሆነ ልጅ ነው። ኮሌጅ ሳሉ ነው የተዋደዱት። በስልክ የሚልክላት መልእክት ድንጋይ ያቀልጣል። «እወድሻለሁ» ለማለት ግን ሁልጊዜ የሚመርጠው የአዌቱን ወንዝ ዳር ነው፤ ወንዝ ምስክር ሆኖ አይቀርብምና። ለእናቴ ለመስቀል እነግራታለሁ አለ፤ መስቀል አለፈ። ለገና አለ፤ ገና አለፈ። ለፋሲካ አለ፤ ፋሲካም አለፈ። አሁን ደግሞ «ክረምቱ ይውጣ» ይላል፤ የክረምቱ ዝናብ የእናቱን ጆሮ የደፈነው ይመስል።

እታገኝ ሠርግ አልጠየቀችውም። ቀለበትም አልጠየቀችውም። በሰው ፊት፣ በእናቱ ፊት፣ «ይህቺ እታገኝ ናት፤ የምወዳት እሷን ነው» እንዲል ብቻ ነበር የምትፈልገው። አንድ ዐረፍተ ነገር። ይህን ለመናገር ዲግሪ አያስፈልግም፤ አከርካሪ ብቻ ይበቃል።

ወይዘሮ ውብነሽ በመጀመሪያው ቀን አርፍደው መጡ። ማርፈድ ለሌላው ሰው ጥፋት ነው፤ ለእሳቸው ማዕረግ ነው። የወርቅ አምባራቸውን እያቅጨለጨሉ ገቡና ከፊት የተቀመጡትን አቶ ተክለጻድቅን ቆመው አዩዋቸው። ሰውዬው ተነሥተው ወንበሩን ለቀቁ። አቶ ተክለጻድቅ ዲግሪያቸውን እንደ ባርኔጣ ደፍተው የሚሄዱ ነጋዴ ናቸው። «እኔ እንኳ ይሄን ድሮ ነው የጨረስኩት» እያሉ ስክሪኑ ላይ ያገኙትን ሁሉ ደጋግመው ይጫናሉ፤ አንዱ መስኮት በሌላው ላይ እየተከፈተ ሲጨናነቅባቸው ደግሞ «ማሽኑ ቫይረስ አለበት» ብለው ይፈርዳሉ።

ከጀርባ የተቀመጡት ሐጂ ሀምዳን የአሰንዳቦ ሰው ናቸው። ሲስቱ ይስቃሉ፤ ስለዚህ ቶሎ ይማራሉ።

«ቲቸር!» አሉ ማውሱን እየገፉ፤ «ይቺ ነገር ከበቅሎዬ ትሻላለች፣ ወላሂ። ስገፋት ትሄዳለች፣ ስተዋት ትቆማለች፣ አትራገጥም።»

«ማሻአላህ ይበሉ እንጂ ሐጂ፣ በዓይን እንዳይበሏት» አለች እታገኝ፤ ክፍሉ ሳቀ። ወይዘሮ ውብነሽ አልሳቁም።

«ማውስ የምትሉት ይሄን ነው?» አሉ በአንድ ጣታቸው ገፋ አድርገው፤ የሞተ ነገር የሚነኩ ይመስላሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ወይዘሮ ውብነሽ በይኝ።»

«አዎ፣ ወይዘሮ ውብነሽ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ትታይዎታለች? እጅዎ ወደ ሄደበት ትሄዳለች።»

«ወዴት እንድትሄድ ነው የምትፈልጊው?»

«እርስዎ ወደ ፈለጉበት።»

«እኔ ከፈለግሁ ታዲያ ራሷ አትሄድም?»

ይህን ሲሉ ቀልደው አልነበረም። ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ «ይሁን» ሲሉ እየሆነ ኖረዋል። እታገኝ እጃቸውን ማውሱ ላይ እንዲያሳርፉ ነገረቻቸው። አሳረፉና ወደ ፊት ወጉት፤ ከዚያ አንጓቸውን ጠመዘዙት፤ ከዚያ ወደ ራሳቸው ሳቡት። ቀስቲቱ ተንሸዋርራ ወደ አንዱ ጥግ በረረች።

«ጠፋች!»

«አልጠፋችም፤ ጥግ ላይ ናት። እንደገና ይሞክሩ።»

ወጉ፣ ጠመዘዙ፣ ሳቡ። ቀስቲቱ እንደገና ተንሸዋረረች። እታገኝ ያን እንቅስቃሴ ታውቀዋለች። ሕፃን ሳለች ከእናቷ ጎን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ወደ ላይ እያየች ያደገችበት ነው። ቡና ገዢ የጆንያውን ሆድ በሹል ብረት ይወጋል፣ ብረቱን ያዞራል፣ ፍሬውን ስቦ መዳፉ ላይ ያፈሳል። የሴትዮዋ እጅ ከዚህ ሌላ እንቅስቃሴ አያውቅም ነበር።

«አንጓዎን አያዙሩት» አለች። «ጆንያ አይደለም፤ አይወጋም።»

ወይዘሮ ውብነሽ ቀስ ብለው ዘወር አሉ።

«ጆንያ ስወጋ የት አየሽኝ?»

«የቡና አገር ልጅ ነኝ።»

«የት?»

«ሰቃ።»

«የማን ልጅ?»

«የዋቅጋሪ።»

ወይዘሮ ውብነሽ አሰቡ። ከልባቸው አሰቡ፤ የሚያናድደውም ይኼ ነው። «አላውቀውም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ዋቅጋሪ ጆንያቸውን ከመኪና ወደ መጋዘን ሲያመላልስ ወገቡ ጎብጦ የቀረ ሰው ነው። እሳቸው ሲያዩት የኖሩት ጀርባውን ነው፤ ጀርባ ደግሞ ስም የለውም።

በዚያው ሰዓት ማውሱ እየተገፋ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረሰ።

«ጠረጴዛው አለቀብኝ!»

«ከፍ ያድርጉትና ወደ መሃል ይመልሱት። ሲነሣ ቀስቲቱ ካለችበት አትንቀሳቀስም።»

«እኔ ያስቀመጥኩትን ዕቃ አንሥቼ አላውቅም። ትልቅ ጠረጴዛ ይምጣ!»

የመጣውን አትጠይቁኝ። በማግሥቱ የመጋዘኑ ተሸካሚዎች እያላባቸው በደረጃው ጎትተው ያወጡት ጠረጴዛ እንኳን ማውስ በሬ ያዞራል። ሐጂ ሀምዳን «አልሐምዱሊላህ፣ እርሻም ልንማር ነው» አሉ። ወይዘሮ ውብነሽ በአዲሱ ጠረጴዛቸው ፊት እንደ ንግሥት ተቀመጡና ማውሱን ገፉት። ገመዱ ተወጥሮ ቆመ። ጠረጴዛው ተገዝቷል፤ ገመዱ ግን ያው ገመድ ነው።

እታገኝ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ስትመለስ ወይዘሮ ውብነሽ ማውሱን በሁለት እጃቸው ይዘው አፍጥጠውበት ነበር። ጣቶቻቸው ረጃጅም ናቸው፤ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ ትንሽ ታጠፍ ትላለች። ያችን ጣት ከሊዮል እጅ ታውቃታለች። በጣቶቿ መካከል ይዛት ታውቃለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዌቱ ዳር ከሊዮል ጋር ተገናኙ።

«ቤት ውስጥ ስለ አንቺ ብቻ ነው የምታወራው!» አለ ሊዮል፤ ዓይኑ በደስታ ያበራል። «‹ደፋር ናት› ትላለች። እናቴ ደፋር ናት ካለች ወደደች ማለት ነው።»

«ነገርካት?»

«እንዴ፣ እታገኝ! አሁን? አጋጣሚውን አታይም? እግዜር ራሱ ነው የሰጠን። መጀመሪያ ትልመድሽ። ትውደድሽ። ከዚያ…»

«ከዚያ ምን?»

«ከዚያ ቀላል ነው።»

«ናሙና ነኝ በለኛ። ቀምሳኝ ደረጃ ካወጣችልኝ በኋላ ትገዛኛለህ።»

«ለምን ሁሉን ነገር እንዲህ ታጣምሚዋለሽ?»

«አንተ አቅንተህ ንገረኛ! ለአንድ ቀን ብቻ አቅናው።»

ሊዮል ዐረፍተ ነገር ሲያጥረው እጁን ነው የሚልከው። ጉንጯን ዳሰሳት፣ ግንባሩን ግንባሯ ላይ አሳረፈ፣ «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር» አለ። ስንት ፈሪ ከዚህች ዐረፍተ ነገር ጀርባ ተደብቆ አርጅቷል! ፈሪ ጥያቄ አይመልስም፤ ጠያቂዋን ያቅፋል። እታገኝም ይህን ታውቃለች። ታውቃለች፤ ግን ግንባሯን አላነሣችም። ጠላችው፤ ወዲያው ደግሞ ራሷን ጠላች፤ እጁ ከተነሣ በኋላም ጉንጯ ይሞቅ ነበርና።

ትምህርቱ ቀጠለ። ሐጂ ሀምዳን ጭነት መመዝገብ ቻሉ። አቶ ተክለጻድቅ ከቫይረሳቸው ጋር ይዋጋሉ። ወይዘሮ ውብነሽ ቀስቲቱን ወደሚፈልጉበት መውሰድ ችለዋል፤ ሊጫኑ ሲሉ ግን እጃቸው ይዘላል፣ ቀስቲቱም ከምልክቱ ላይ ትወርዳለች። አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ እሳቸው ቀሩ።

«አስተምሪኝ» አሉ። «ሐጂ የቻለውን እኔ እንዴት አልችልም?»

እታገኝ ከጎናቸው ወንበር ሳበችና መዳፏን እጃቸው ላይ አሳረፈች። ያን ጊዜ አወቀችው። እጁ ይንቀጠቀጣል። ንዴት መስሏት የከረመው ፍርሃት ነበር።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አሉ ሴትዮዋ ሳያዩዋት።

«አልነግርም። እጅዎን ለእኔ ይተዉት። አይግፉት። እሺ፣ አሁን ጣትዎን ብቻ።»

ጠቅ። ገጹ ተከፈተ።

«እሰይ!» አሉ ወይዘሮ ውብነሽ፤ የሕፃን ፈገግታ ፈገግ አሉ። እታገኝም ሳታስበው ፈገግ አለች። እጃቸው እጇ ሥር እየረጋ ሄደ። ለአፍታ ያህል ሊዮል ልክ ሳይሆን አይቀርም ብላ አሰበች።

«እጅሽ ደስ ይላል» አሉ ሴትዮዋ። «እናት አለችሽ?»

«አለች።»

«ታድላ። እኔ ሴት ልጅ የለኝም። አንድ ወንድ ነው ያለኝ፤ እሱም አንጀቴን አሳረረው።»

«ምን አደረገ?»

«አንዷ የለቃሚ ልጅ ይዛዋለች አሉ። ስሟን አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። እኔ ይሄን ንግድ ከምንም ነው ያነሣሁት፤ አንድ ነገር ተምሬበታለሁ። መሬት የነካ ፍሬ ከንጹሑ ጋር ከተቀላቀለ ጭነቱ በሙሉ አፈር አፈር ይላል። አንዲቷ ፍሬ ትበቃለች። ፎቁን አይታ፣ መኪናውን አይታ ነው እንጂ ልጄን መቼ አይታው!»

የእታገኝ መዳፍ እጃቸው ላይ ነበር። ብታነሣው ያውቃሉ። ባታነሣው ትቃጠላለች። እናቷ የዚህችን ሴት ቡና ስትለቅም ዓይኗ ደክሟል፤ አፈር የነካውን ፍሬ አንድ በአንድ እያወጣች ለዚህች ሴት ንጹሕ ስም የሰጠቻት እናቷ ናት። አሁን ያች እጅ «አፈር» ተባለች።

«ይጫኑ» አለች እታገኝ።

ጠቅ።

«ምነው እጅሽ ቀዘቀዘ?»

«ብርዱ ነው።»

ወይዘሮ ውብነሽ በሌላ እጃቸው ጣቶቿን አሻሹላት። «አየሽ፣ ያ ጅል አንቺን የመሰለች ቢያመጣልኝ እኮ እልል ብዬ ነበር የምቀበለው» አሉ።

ስድብ ሰውን ያደማል፤ ሰው ይድናል። በስድብ ላይ የተፈሰሰ ፍቅር ግን መድኃኒቱ ምንድን ነው? እታገኝ በዚያች ቅጽበት የሴትዮዋን እጅ መንከስም መሳምም አማራት።

በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ሊዮል እናቱን ሊወስድ መጥቷል፤ የመኪና ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ። ሁለቱን ጎን ለጎን፣ እጅ በእጅ ሲያያቸው ቁልፉ ቆመ።

«ና፣ ና ልጄ!» አሉ እናቱ። «ይህቺ ናት አስተማሪዬ። እናትህ ለዚህ የበቃችው በእሷ ነው። ተዋወቃት።»

እነሆ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እናት ራሷ እጅ ይዛ ልታስገባ «ተዋወቃት» ብላለች። መስቀልም ገናም ፋሲካም ያላመጡትን ዕድል አንዲት ማውስ አመጣችው። «እማዬ፣ እኔ አውቃታለሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚቀረው። እታገኝ ዓይኑን አየችው። ዓይኑ ዓይኗን አየ፣ ራራ፣ ውሃ አቀረረ። ዓይኑ ሁሉን ነገር አለ። አፉ ግን…

እጁን ዘረጋ።

«ሊዮል እባላለሁ» አለ።

መልሱ እንግዲህ ይኸው። በጥፊ አላለችውም። እጁን ጨበጠችው። ትንሿ ጣት ትንሽ ታጠፍ ብላ መዳፏ ውስጥ ገባች።

«እታገኝ» አለች። «በመተዋወቃችን ደስ ብሎኛል።»

ወጥተው ሲሄዱ የእናቱ ሳቅ ከደረጃው ይሰማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ። «የኔ ፍቅር፣ ይቅር በይኝ። ደንግጬ ነው። ልቤ ያውቅሻል። ክረምቱ ይውጣ ብቻ።» ልቤ ያውቅሻል! ልብ የተፈጠረው ደም እንዲረጭ ነው፤ ለመናገር የተሰጠን አፍ ነው። እታገኝ መልስ ጻፈች፣ አጠፋች። ጻፈች፣ አጠፋች። በመጨረሻ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችና እጇን በሳሙና ታጠበች። ደጋግማ ታጠበች። ሙቀቱ አልወጣላትም።

የመዝጊያው ዕለት አዳራሹ ሞላ። ነጋዴዎቹ ከነቤተሰባቸው መጡ፣ ምሳ ተዘጋጀ፣ ለስላሳና ቢራ ተደረደረ። አቶ ተክለጻድቅ ልጃቸውን ቲቲን ይዘው መጥተዋል፤ ሰው ሁሉ የሚያያት፣ እሷ ግን የት እንዳለች የጠፋት የምትመስል ዓይናፋር ልጅ ናት። ሊዮል ሙሉ ልብስ ለብሶ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጧል።

እያንዳንዱ ሠልጣኝ በሰው ፊት አንድ ጭነት እንዲመዘግብ ነበር ዕቅድ የተያዘው። ሐጂ ሀምዳን መዝግበው ሲያበቁ «በቅሎዋ ቤቷ ገባች» አሉ፤ ተጨበጨበላቸው። ወይዘሮ ውብነሽ ተነሡ። እጃቸውን ማውሱ ላይ አሳረፉ፤ አልወጉትም፣ አልጠመዘዙትም። ጠርዙ ላይ ሲደርስ በሁለት ጣታቸው አንሥተው ወደ መሃል መለሱት። ጠቅ። ጭነቱ ተመዘገበ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እታገኝም አጨበጨበች፤ አስተማሪ ናትና ደስታዋ እውነት ነበር።

ወይዘሮ ውብነሽ ግን አልተቀመጡም።

«ደስታ ሲመጣ ተደራርቦ ነው» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እኔና አቶ ተክለጻድቅ ተነጋግረን ጨርሰናል። ልጄ ሊዮል ቲቲን ያገባል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሳለሁ፤ ሁላችሁም ተጠርታችኋል። የክብር እንግዳዬ ደግሞ ይህቺ አስተማሪዬ ናት፤ እንደ ልጄ ነው የማያት!»

እልልታው ቀለጠ። እታገኝ ሊዮልን አየችው። ይነሣል ብላ ጠበቀች። በእውነት ጠበቀች፤ የፍቅር ሞኝነት እስከዚህ ድረስ ነው። ሊዮል ከረባቱን አስተካከለ። ከዚያ ቀና ብሎ ለእንግዶቹ ፈገግ አለ፤ አመስጋኝ፣ ጨዋ፣ ለስላሳ ፈገግታ። ክረምቱ ሲወጣ ምን እንደሚሆን አሁን ገባት። ውስጧ የነበረው ለቅሶ ጠጥሮ ሌላ ነገር ሆነ።

«ወይዘሮ ውብነሽ» አለች ቆማ።

«አቤት፣ ልጄ!»

«እንግድነቱን ከመቀበሌ በፊት ሙሉ ስሜን ልንገርዎት። እታገኝ ዋቅጋሪ እባላለሁ። አባቴ ጆንያዎን ሲሸከም ጎብጧል። እናቴ በእርስዎ መጋዘን ወለል ላይ ተቀምጣ ብላሽ ስትለቅም አሳድጋኛለች። ስሟን አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም ያሉኝ የለቃሚ ልጅ እኔ ነኝ። እጅዎን ይዤ ሳስተምርዎት ነው የሰደቡኝ። እኔ ግን እጄን አላነሣሁም።»

እልልታው እንደ ገመድ ተበጠሰ። አቶ ተክለጻድቅ «ይሄ ምንድን ነው? ሥርዓት ይኑር እንጂ!» አሉ፤ የሰማቸው የለም። ቲቲ ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊዮልን በደንብ አየችው። ወይዘሮ ውብነሽ አምባራቸውን ያዙ። ፊታቸው ላይ ንዴት፣ እፍረት፣ ሌላም ስም የሌለው ነገር ተፈራረቁ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አሁን ግን ሁሉም ያየዋል።

«ሊዮል» አሉ። «ይህቺ ልጅ የምትለው እውነት ነው?»

«እማዬ…» ተነሣ። «ማለቴ፣ እሷ ተናዳ ነው… ነገሩ ሌላ ነው… እታገኝ፣ እባክሽ፣ ውጭ እናውራ። ውጭ ላስረዳሽ።»

«ኧረ ጉርባ፣ አንተ ልጅ!» አሉ ሐጂ ሀምዳን ከኋላ፤ እንደ ልጅ እየገሠጹት። «ሰው በቆመበት ነው የሚናገረው!»

ሊዮል በሩን አየ። እናቱን አየ። እንደ ልማዱ እጁን ወደ እታገኝ ላከ። እታገኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ውጭ አልወጣም» አለች። «ከአንተ ጋር የኖርኩት ሁሉ ውጭ ነው። ወንዝ ዳር ነው፣ ከመኪና ጀርባ ነው፣ ሰው ሳይመጣ ነው። ዛሬ ጣራ ሥር ቆሜያለሁ። አግባኝ አልልህም፤ ከዛሬ በኋላ ብትለምነኝም እኔ እሺ ማለቴን አላውቅም። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። እናትህ ይስሙ፣ ቲቲ ትስማ፣ ሐጂ ይስሙ፣ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ይስማ። ትወደኝ ነበር ወይስ አትወደኝም ነበር? በዓይንህ አይደለም፣ በስልክህ አይደለም፣ በእጅህ አይደለም። በአፍህ፣ ከኋላ የቆሙት በሚሰሙት ድምፅ። ሊዮል፣ እኔ ማን ነኝ? በሰው ፊት መልስ!»